የቆየ ሞተር ሳይክል የኋላ ክንድ መቀየር፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሞተር ሳይክል ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በጨረታ የወጡ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞሩ የኖሩ የያማሃና የሆንዳ ሞተር ሳይክሎች ወደ እኔ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሞተራቸው ገና ደኅና ነው። ያለቀው የኋላ ክንዳቸው ነው። ባለቤቶቹ የሚጠይቁኝ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሥራው የሰው ሕይወት የሚያርፍበት ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌአለሁ፤ በትዕግሥት ያንብቡት።

የኋላ ክንድ የሚባለው የትኛው ነው?

የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ ይዞ በአንድ ፔርኖ (ክንዱ በሚዞርበት ወፍራም ዘንግ) ከሻንሲው (ከሞተር ሳይክሉ አጽም) ጋር የሚያያዘው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ብረት ነው። ዕቃ ሻጮች ስዊንግ አርም ይሉታል። ሾክ አብዞርበሩ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚሮጠው በጎኑ ነው፤ ፍሬን ሲያዝም ኃይሉን የሚሸከመው እሱ ነው። ክንዱን የነካ ሰው እነዚህን ሁሉ ነክቷል።

የኋላው ጎማ ይንገዳገዳል። ክንዱን ልቀይረው?

አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ አድርገው ያቁሙት። አንድ ሰው ሻንሲውን አጥብቆ ይያዝ፤ እርስዎ የክንዱን ጫፍ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። ክንዱ ፔርኖው ጋ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው ቦኮላው፣ ማለትም በፔርኖውና በክንዱ መካከል ያለው ቀለበት ነው። ክንዱ ጸጥ ብሎ ጎማው ብቻ ከተወዛወዘ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ የቸርኬውን ራጂዎች (ቀጫጭን ሽቦዎች) አንድ በአንድ ይንኳቸው፤ የላላው ራሱን ይናገራል። “ክንድ ቀይርልኝ” ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹን ቶርኖ ቤት ባስቆረጥኩት አዲስ ቦኮላ ብቻ ሸኝቻቸዋለሁ።

ክንዱ ራሱ መቀየር ያለበት ሲጣመም፣ ሲሰነጠቅ፣ የፔርኖው ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሲሞላልል፣ ወይም ዝገት ውስጡን ሲበላው ነው። በክረምት የጥቁር አፈር ጭቃ ከፔርኖው በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ተጠቅጥቆ ይከርማል፤ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ስንጥቅ ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀለሙን ፍቀው ነጭ ጋዝ ይቀቡት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ጠርገው የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። በተለይ የሾክ አብዞርበሩ መያዣና የፔርኖው ቧንቧ የተበየዱበትን ዙሪያ እንዲህ ይመርምሩ።

የሌላ ሞተር ሳይክል ክንድ ለእኔ ይገጥማል?

ሊገጥም ይችላል፤ መልሱ ያለው ግን በሜትርና በካሊብሮ (ውፍረት መለኪያ) እንጂ በዓይን አይደለም። “የሆንዳ ለሆንዳ ይሆናል” የሚለው አባባል ብዙ ሰው ገንዘብ አክስሯል፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞዴሎች ፔርኖአቸው ላይገናኝ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የፔርኖውን ውፍረትና ሻንሲው ውስጥ ክንዱ የሚገባበትን ስፋት ይለኩ። አዲሱ ክንድ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ችግር የለውም፤ ቶርኖ ላይ ቦኮላ ይሠራለታል። የሻንሲውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍቶ ወፍራም ፔርኖ መክተት ግን በእኔ ቤት አይደረግም። ክንድ ይገኛል፤ የተበላሸ ሻንሲ ግን አይመለስም። ክንዱ ከሻንሲው ክፍተት ከጠበበ በልኩ የተቆረጠ አንድ ወፍራም የብረት ቀለበት ይግባበት። አራት አምስት ሮንዴላ መደርደር አይሆንም፤ ሮንዴላዎቹ እየተበሉ ይላላሉ። ክፍተቱን ሳይሞሉ ዳዶውን ማጥበቅ ደግሞ ሻንሲውን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል።

ቀጥሎ ከፔርኖው መሐል እስከ ጎማው ዘንግ መሐል ያለውን ርዝመት፣ የዘንጉን ውፍረት፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ስፋት ይመዝግቡ። የሾክ አብዞርበሩ መያዣ ከፔርኖው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅና በስንት ዲግሪ እንደዘመመም ይያዝ። በመጨረሻም ሰንሰለቱ ክንዱን ሳይነካ የሚያልፍበት ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ በስልክ የሚያዝዙ ከሆነ ሻጩ ሜትር አስደግፎ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ያለ ልኬት የተላከ ክንድ በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የተረሳ አንድ ነገር፦ የጎማው መሐል ከሻንሲው መሐል ጋር መግጠም አለበት። ክንዱ በሚገባ ገብቶ፣ ዳዶው ጠብቆ፣ ጎማው አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ወጥቶ ቢቀር ሥራው አልተሠራም።

ረዘም ያለ ክንድ ባስገባ ይሻላል? ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ እንዳይነሣ ይረዳል ይላሉ።

እውነት ነው፤ ሲረዝም የፊቱ ጎማ ቶሎ አይነሣም፤ በቀጥታ መንገድም ይረጋጋል። በአንጻሩ መታጠፍ ይከብደዋል፤ በገበያ ቀን በሰውና በባጃጅ መካከል ለሚሽሎከለክ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሾክ አብዞርበሩን ነው። ክንዱ ከ450 ወደ 495 ሚሊ ሜትር ረዘመ እንበል፤ ይህ 10 በመቶ ነው። የሾክ አብዞርበሩ መያዣ በነበረበት ርቀት ከቀረ ጎማው እንደ ረጅም ዲጂኖ ሾኩን በበለጠ ጉልበት ይጫነዋል። ጎማው ላይ የሚሰማው የሾኩ ሞላ ጥንካሬ በ10 በመቶ ሳይሆን በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጉልበቱም የሚጓዘው ርቀትም አብረው ስለሚለወጡ ነው። ኋላ ላይ ሚስትና ልጅ፣ ወይም ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሲጫን ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ይመታል። የቀድሞውን ስሜት ለመመለስ 21 በመቶ ገደማ የጠነከረ ሞላ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከፋብሪካው ልክ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲረዝም አልመክርም።

ቁመትም እንዲሁ ነው። ረጅም ሾክ አስገብተው ኋላውን 25 ሚሊ ሜትር ቢያነሡት በጎማዎቹ መካከል 1,300 ሚሊ ሜትር ርቀት ባለው ሞተር ሳይክል የመሪው አንገት አንድ ዲግሪ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሪው ይፈጥናል፤ በጠጠር መንገድ ላይም መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የእኔ ባለ ሁለት ሾክ ነው። ባለ አንድ ሾክ ክንድ ሊገባለት ይችላል?

አልሠራውም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። ያማሃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ሞኖክሮስ ያለውን፣ ሆንዳ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፕሮ ሊንክ ያለውን ባለ አንድ ሾክ አሠራር ሲያመጡ የቀየሩት ክንዱን ብቻ አልነበረም። ሻንሲው ያንን ጫና እንዲሸከም ከመነሻው ሌላ ሆኖ ተሠርቷል። አንድ ሾክ ወደ ፔርኖው ተጠግቶ ስለሚቆም ጎማው ላይ ያረፈው 100 ኪሎ ሻንሲው ጋ ሲደርስ 300 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ያም በአንድ ነጥብ ላይ። ባለ ሁለት ሾኩ ሻንሲ እዚያ ነጥብ ላይ ያለው አንድ ቀጭን ቧንቧ ነው። ቢበይዱበትም ቧንቧው ይጎብጣል።

ከቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አዲስ ክንድ ማሠራት ይቻላል?

ይቻላል፤ በደንብ የሚሠራ ሰው ካለ። ግን ማንም በር የሚበይድ ሰው ክንድ መሥራት ይችላል ማለት አይደለም። በር ቢጣመም ይጮኻል፤ ክንድ ቢጣመም ሰው ይጥላል።

ብረቱን እንጀምር። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ አይሆንም፤ ብየዳውን ያበላሻል፤ ጭሱም የበያጁን ሳንባ ይጎዳል። ጥቁር ቱቦላሬ ይሁን፤ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የበለጠ ይሁንና ቆሞ ይግባ። የአንድን ብረት ከመጉበጥ የሚከላከለው ከሁሉ በላይ ቁመቱ ስለሆነ፣ ቆሞ የገባ ቱቦላሬ ከተኛው እጅግ ይጠነክራል።

ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን። በክረምት ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት በተከፈተ ፓኬት ውስጥ ይገባል፤ በተለይ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያመጣል። ምድጃ ላይ በሚገባ ሳይደርቅ መጠቀም የለበትም። የተለመደው 6013 ይህን ያህል አያስቸግርም፤ እሱም ቢሆን ከሲሚንቶ ወለል ላይ ተነሥቶ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፦ ብረት ሲበየድ ይሸሻል። ስለዚህ ክንዱ የሚበየደው በማሰሪያ ላይ ነው። ከባድ የብረት መደብ ላይ ሁለት ዘንጎች በትክክል ትይዩ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ በፔርኖው ቦታ፣ ሌላው በጎማው ዘንግ ቦታ። ክንዱ በእነሱ ላይ ታስሮ መጀመሪያ በነጠብጣብ ይያዛል፤ ከዚያ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ አጫጭር እየሆነ ይበየዳል። በመጨረሻም እዚያው እንደታሰረ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ውሃ አይፈስበትም። የጋለ ብየዳ ላይ ውሃ ማፍሰስ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ብረቱን ያጣምመዋል፣ እንደ ብረቱ ዓይነትም ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? በሁለቱ እግሮች መካከል 200 ሚሊ ሜትር ርቀት ካለ፣ አንደኛው እግር 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ 600 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ ከላይ እስከ ታች 3 ሚሊ ሜትር ይዘማል። አንድ ሚሊ ሜትር ከጥፍር ውፍረት ጥቂት ብቻ ትበልጣለች።

ክንድን ለማጠንከር ላሜራ የሚለጥፉ ሰዎችም አሉ። ከዓመታት በፊት፣ የጢስ ዓባይ መንገድ ጠጠር በነበረበት ጊዜ፣ የራሴን ክንድ እንዲሁ አጠናክሬ ነበር። ላሜራውን ጫፉን ቀጥ አድርጌ ቆርጬ ክንዱን አግድም በየድኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሉ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ወርጄ ሳይ ክንዱ ልክ ላሜራው ባለቀበት መስመር ላይ ከሦስት ወገን ተሰንጥቆ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሏል። እየገፋሁ ተመለስኩ፤ ጉልበቴ የተንቀጠቀጠው ግን ከድካም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጠናከሪያ ላሜራ ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት ተሰንጥቆ ይቆረጣል፤ ብየዳውም በክንዱ ርዝመት ይሄዳል እንጂ አግድም አያቋርጠውም። ጠንካራው ክፍል በድንገት ሲያልቅ ጫናው ሁሉ እዚያ ጠርዝ ላይ ይከማቻልና።

የአሉሚኒየም ክንድስ?

ከሌላ ሞተር ሳይክል የተፈታ ጤነኛ ክንድ ከሆነ መልካም ነው፤ ቀላል ነው። መቁረጥና መበየድ ካስፈለገው ግን ይተዉት። በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለመመለስ በልዩ ምድጃ መታከም አለበት።

ፍሬኑን ምን ላድርገው?

ይህን ጥያቄ ሰዎች በመጨረሻ ይጠይቁታል፤ እኔ ከሁሉ ፊት ብጠየቀው እወዳለሁ። በታምቡር ፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመው ክዳን እንዳይዞር አንድ ዘንግ ከክንዱ ጋር ይይዘዋል። ብዙ የተቀየሩ ክንዶች ይህን ዘንግ የሚያስሩበት ጆሮ የላቸውም። ያለ እሱ ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ ከታምቡሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ የፍሬኑን ሽቦ ወይም ዘንግ ይጠቀልላል፤ ጎማውም ባለበት ይቆልፋል።

አንድ ወጣት ከሌላ ቦታ አሠርቶ የመጣ ክንድ ነበረው፤ ክዳኑ የታሰረው በሽቦ ነበር። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወርድ ሽቦው ተበጠሰ። ትከሻው ተሰብሮ ወራት ተኛ። ጆሮው ወፍራም ብረት ይሁን፤ ከክንዱ ጋር በሁለቱም ጎን ይበየድ፤ ቡሎኑ በኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ በሚያግደው ሽቦ) ይታሰር። ይህ ሳይሟላ ከእኔ ጋራዥ የሚወጣ ሞተር ሳይክል የለም፤ ባለቤቱ ቢቆጣም።

ሰንሰለቱን ስንት ዓይን ልጨምርለት?

አብዛኞቹ ባለ 125 የከተማ ሞተር ሳይክሎች የሚጠቀሙት 428 የሚባለውን ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ዓይን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሰንሰለቱ ከላይም ከታችም ስለሚሄድ ጎማው 50 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ከሄደ 100 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 8 ዓይን ያስፈልጋል። ጠቅላላው የዓይን ቁጥር ለሁለት እኩል የሚካፈል እንጂ ጎዶሎ አይሁን። በአሮጌ ሰንሰለት ላይ አዲስ ዓይን አይቀጥሉ። 20 ዓይን ወጥረው ሲለኩ 254 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 259 ከደረሰ ሰንሰለቱ አልቋል።

ሲያጠብቁት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰንሰለቱ ከሁሉ በላይ የሚወጠረው የፊቱ (የሞተሩ) ጥርስ መሐል፣ ፔርኖውና የኋላው ዘንግ በአንድ መስመር ሲውሉ ነው። ሾክ አብዞርበሩን ፈተው ክንዱን እዚያ መስመር ላይ ያምጡትና ያኔም ትንሽ ላላ ማለቱን ይመልከቱ። ሞተር ሳይክሉ ባዶውን ቆሞ የጠበቀ ሰንሰለት ሰው ሲቀመጥበት የፊቱ ጥርስ የቆመበትን የሞተር ኩሽኔታ ይበላል።

የእኔ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ሌላ ክንድ ላስገባለት?

እባክዎ አያድርጉት። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ነው፤ ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ። አቧራና ጭቃ ስለማይነካው ሰንሰለቱ እጅግ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የሌላ ሞተር ሳይክል ክንድ ከገባ ሽፋኑ አይገጥምም። የራሱን ክንድ ማስጠገን ይሻላል።

ቦኮላውን ግራሶ ልቀባው?

እንደ ዓይነቱ ነው። የነሐስ ቦኮላና ባለ መርፌ ኩሽኔታ ግራሶ ይፈልጋሉ። ብዙ የከተማ ሞተር ሳይክሎች ግን ጎማ በብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀበት ቦኮላ አላቸው፤ ይህኛው ግራሶ አይነካውም፣ ጎማውን ያበላሸዋል። የቦኮላው ጎማ የሚሠራው እየተጠማዘዘ ስለሆነ ዳዶው የሚጠብቀው ሰው ተቀምጦበት፣ ሞተር ሳይክሉ በመንገድ ላይ በሚሆንበት ቁመት ነው። ክንዱ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ጎማው ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።

የነሐስ ወይም የመርፌ ከሆነ ፈተናው ቀላል ነው፦ ሾክ፣ ሰንሰለትና ጎማ ሳይገቡ ክንዱን አንሥተው ይልቀቁት። ዳዶው ጠብቆም ቢሆን በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። አየር ላይ ከቆመ የውስጡ ቀለበት አጥሯል፤ ሻንሲው ክንዱን ጨምቆታል።

ሊብሬውና ቦሎው ላይ ችግር ያመጣል?

የሻንሲው ቁጥር በአብዛኛው የተመታው በመሪው አንገት ላይ ስለሆነ ክንድ መቀየር ቁጥሩን አይነካም። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ማንም በግራይንደር እንዲነካው አይፍቀዱ። ርዝመቱን ወይም ቁመቱን የሚለውጥ ሥራ ከሆነ ግን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ይጠይቁ።

ከገጠምኩ በኋላ ምን ልፈትሽ?

በክንዱ ላይ የተቀረጹትን የማስተካከያ ምልክቶች አይመኑ። በሁለቱም ጎን ከፔርኖው መሐል እስከ ዘንጉ መሐል ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ቀጥሎ ከኋላው ጎማ ጀርባ ሁለት ሲባጎ ወጥረው በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይውሰዱ። የፊቱ ጎማ ቀጭን ስለሆነ ሲባጎው አይነካውም፤ በሁለቱም ወገን ያለው ክፍተት ግን እኩል መሆን አለበት።

ከዚያ በማለዳ፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ፣ ቀስ ብለው ብቻዎን ይንዱት። ወደ አንድ ጎን ከሳበ ይመለሱ። 20 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዚያም 100 ላይ ሁሉንም ዳዶ ይንኩ። 500 ሲሞላ የነጭ ጋዙንና የጠመኔውን ፈተና ብየዳው ላይ ይድገሙት፤ ክረምት ባለፈ ቁጥርም እንዲሁ። ሰው ከኋላ የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው።

የፔርኖው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ሻንሲው ድረስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ያስምሩበት። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳይክሉን ሲያወጡ ጎንበስ ብለው ይዩት። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ያን ቀን ሳይነዱ ቁልፍ ያምጡ።